ወደ ወንበሩ የተላኩ ሽማግሌዎች

በፍል በር ከተማ ሰው ቆሞ አይስተናገድም። ባንክ ብትሄድ፣ ቀበሌ ብትሄድ፣ ጤና ጣቢያ ብትሄድ፣ ገና ከበሩ ስትገባ የሚቀበልህ ድምፅ አንድ ነው፦ "እባክዎ ይቀመጡ።" ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይኼን ሲሰማ የሕዝቡን ትሕትና ያደንቃል። ፊቱ የሚቀየረው ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ሌሊቱን እንዴት እንደተኛ፣ ጨጓራው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ ወንድ ከሆነ ደግሞ ምን ያህል ወንድ እንደሆነ ሰው ሁሉ እየሰማ ወንበሩ ሲነግረው።

ይኼ የመጨረሻው ነገር በከተማዋ አፍ "ልክ" ይባላል። ሲጀመር የሯጮች የሆርሞን ምርመራ ነበር። ከሯጮች ወደ ወታደሮች፣ ከወታደሮች ደግሞ ከምድር ፍል እንፋሎት መብራት ወደሚያመነጨው ጣቢያ ሠራተኞች አለፈ። የሚወለደው ልጅ እያነሰ ሄዶ መዋዕለ ሕፃናቱ ባዶ መቅረት ሲጀምሩ ደግሞ አስተዳደሩ ደነገጠና ጋብቻ ውስጥ አስገባው። እንግዲህ በሁለት ሺህ ሰማንያዎቹ፣ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሁለት ጎረምሶች ሲገናኙ "ልክህ እንዴት አደረ?" "ተመስገን፣ ሙሉ ነው" ይባባላሉ። እናቶች ልጃቸው የወደደችውን ሰው ስታወራላቸው ዘሩን መጠየቅ ትተው ልኩን ይጠይቃሉ። ይኼ እንደ መሻሻል የተቆጠረበት ጊዜም ነበር።

ምንውየለት ልካቸው ሙሉ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በእንፋሎት ጣቢያው የቧንቧ ጥገና ቡድን መሪ ነው፤ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው። በሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጉድጓዱ የሚመጣው ዋናው ቧንቧ ተሰነጠቀ። በራሱ መዘጋት የነበረበት መዝጊያ አልዘጋም አለ። ምንውየለት አብረውት የነበሩትን ሦስት ሠራተኞች ገፍቶ አስወጣና ተመልሶ መዝጊያውን በእጁ አዞረው። እንፋሎቱ ከኋላው መጣ። ጀርባው፣ ክንዶቹና ጭኖቹ ከበስተኋላ ተቃጠሉ። ፊቱ የተረፈው ወደ መዝጊያው ዞሮ ስለነበረ ብቻ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ሆስፒታል ተኛ። ከደረቱና ከሆዱ ቆዳ እያነሱ ጀርባው ላይ ለጠፉለት። ፋሻ ሲቀየርለት ክፍሉን የሚሞላው ጩኸት የራሱ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወስዶበታል። ቀና ማለት በቻለ ሰሞን ነርሶቹ ደግፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፤ ደንብ ነው። ወንበሩ አነበበውና "ከልክ በታች" አለ። ከሆስፒታል ሲወጣም እንደገና አስቀመጡት፤ አሁንም "ከልክ በታች" አለ።

ደንቡ አጭር ነው። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከልክ በታች የተነበበ ወንድ "ተጠዋሪ" ተብሎ ይመዘገባል። ተጠዋሪ ምግብና መኝታ አይጎድልበትም። ፊርማው ግን አይሠራም፣ ቤት በስሙ አይሆንም፣ ሚስት አያገባም፤ ሞግዚት ይመደብለታል። ልኩ በኋላ ቢመለስ እንኳ ምዝገባው አይነሣም። ምንውየለት ደግሞ ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። የጋብቻ ፈቃድ ለመጠየቅ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ከተቀመጠ ሦስተኛው ነው። ልጠብቅ ቢልም አይሆንለትም፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያልቀረበ እንደወደቀ ይቆጠራል።

"ወንበሩ ይሳሳታል እንዴ?" ብሎ ሊወጣ ሲል ዶክተር ኢየሩስን ጠየቃቸው። ዶክተር ኢየሩስ የቃጠሎ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ጠጉራቸው ነጭ፣ አነጋገራቸው ቀጥተኛ።

"አይሳሳትም" አሉት። "ቴስቶስትሮንህ ወርዷል። እንዳንተ ክፉኛ የተቃጠለ ወንድ ይወርድበታል። የጭንቀቱ ሆርሞን ሲወጣ ይኼኛው ይወርዳል። ጢምህ ማደጉን ትቶታል አይደል? ክንድህ ሟሟ። ያለ ምክንያት እንባህ ይመጣል።"

"ይኼን ማን ነገረዎት?"

"ካንተ በፊት የተቃጠሉት።"

ዶክተሯ ወንበራቸውን ትተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የማያነብ መቀመጫ እሱ ብቻ ነበር።

"ስማኝ። ቤቱ የተቃጠለበት አባወራ መጀመሪያ ምን ይሠራል? ግድግዳ ያቆማል፣ ጣራ ይከድናል። ድግስ አይደግስም። ሰውነትህ ያለ የሌለ አቅሙን ቆዳ ለመሥራት እያዋለው ነው። ሌላውን ለጊዜው ዘግቶታል።"

"መቼ ይከፍተዋል?"

"በወራት የሚመለስላቸው አሉ፤ ዓመት አልፏቸውም የሚጠብቁ አሉ። ቀን ቆርጬ ብነግርህ ውሸታም ነኝ።"

"መድኃኒት የለውም?"

"አለው። ለጡንቻህና ለቁስልህ አዝዤልሃለሁ፣ ትወስዳለህ። ወንበሩ ግን በመድኃኒት የመጣውን ቀንሶ ነው የሚያነበው።" ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። "የጋብቻ ክፍሉ ሰዎች የሚጠይቁት ስለ ቁስልህ አይደለም።"

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት የሚሠራው ሥራ ረጅም ነበር። አዲሱን ቆዳ ቫዝሊን ይቀባል፤ ጀርባው ላይ እጁ ስለማይደርስ በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ነው የሚያዳርሰው። ከዚያ ጠባሳው እንዳያብጥ ሰውነትን አጥብቆ የሚይዘውን ልብስ እየተጣመመ ይለብሳል፤ አንዱን እጅጌ ብቻ ለማስገባት ጥርሱን ይነክሳል። የተለጠፈ ቆዳ አያልበውም፤ ስለዚህ ፀሐይ ጠንከር ስትል ከውስጥ የሚበስል ይመስለዋል። ያሳክከዋል፣ ማከክ ክልክል ነው። ይኼን ሁሉ አድርጎ ሲጨርስ ገና ጠዋት ነው፤ ቀኑ ግን ያለቀ ያህል ይደክመዋል።

አውቶቡስ ላይ ቆሞ ይሄዳል። ከበስተኋላ ያለው የጭኑ ቆዳ መቀመጥ አልለመደም፤ ትንሽ ከቆየ እንደ በርበሬ ይለበልበዋል። ተሳፋሪዎቹ ይኼን አያውቁም። ልኩ ሙሉ የሆነ ወንድ ሲቀመጥ በመቀመጫው አናት ላይ አረንጓዴ መብራት ስለሚበራ፣ ቆሞ የሚሄድ ወንድ የሚደብቀው ነገር ያለው ነው። ሴቶቹ ያዝኑለታል፣ ወንዶቹ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። አንድ ቀን በላቸው እዚያው አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ አየው። በላቸው ከእንፋሎቱ ገፍቶ ካስወጣቸው ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የቡድን መሪነቱን የሰጡት ለሱ ነበር። ሆስፒታል አንድ ቀን ብቅ አላለም። ያን ቀንም አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ሲያይ ቆየና ሳይደርስ ወረደ። ምንውየለትን ከቁስሉ ሁሉ ይበልጥ ይኼ አመመው።

እጮኛው የሻረግ የዚያው ጣቢያ በያጅ ናት። የተሰነጠቀውን ቧንቧ መልሳ የበየደችው እሷ ነበረች፤ ምንውየለትን ያቃጠለውን ስንጥቅ በገዛ እጇ ስትደፍን ምን እንደተሰማት ግን የጠየቃት የለም። ምንውየለት ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እየሸሻት ነበር። ስትደውል ደክሞኛል ይላል፣ ስትመጣ ተኝቷል ይባላል። በጥቅምት አጋማሽ በምሳ ሰዓት ራሱ ብየዳ ቤቱ ድረስ ሄደ። የሚናገረውን አውቶቡስ ላይ ሲያጠና ነው የመጣው።

"የሻረግ፣ ሰርጉ ይቅር" አላት።

"ለምን?"

"ገና ወጣት ነሽ። ሌላ ሰው ታገኛለሽ።"

"አንተ መች ጠፋህብኝ አልኩና ነው ሌላ የምፈልገው?"

ያጠናው ንግግር እዚህ ላይ አለቀበት። ግድግዳውን ተደግፎ እንዲቆም ጀርባው አይፈቅድለትም፤ የሚያደርገው ቢያጣ እውነቱን ተናገረ። "አልፈልግም፣ የሻረግ። አንቺን አይደለም። ምንም ነገር አልፈልግም። ምግብም፣ ጨዋታም፣ እሱንም። አጠገቤ ብትተኚ ምን እንደምሆን አላውቅም። ሐኪሟ ያለ ምክንያት እንባህ ይመጣል ብለውኛል፤ ይመለስ አይመለስ ግን እሳቸውም አያውቁም። ሦስተኛ ጊዜ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ተጠዋሪ ይሉኛል፤ ያኔ አንቺ ፊት ከምዋረድ አሁን ልሂድ።"

የሻረግ የብየዳ መከላከያዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ ቀልቷል።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"ይኼን ለመናገር ነው ይኼን ሁሉ ጊዜ የሸሸኸኝ? እኔ እኮ ጠልቶኝ ነው፣ ወይ ሌላ ወዶ ነው እያልኩ ስቃጠል ነው የከረምኩት። አሁን እኔም ልንገርህ። እንደ በፊቱ ቢመለስ ደስ ይለኛል። ሴት ነኝ፣ አልዋሽህም። ባይመለስም ደግሞ ሁለታችን ቁጭ ብለን እንመካከርበታለን። ይኼ ያንተና የኔ ነገር ነው። ወንበር ምን አግብቶት ነው መሀላችን የሚገባው?"

ምንውየለት እንባው መጣ። ፊቱን ሊያዞር ሞከረ፤ አንገቱ በደንብ አይዞርለትም።

"አልቅስ" አለችው የሻረግ። "ሐኪሟም ታለቅሳለህ ብለውሃል አይደል? እንደልብህ አልቅስ። ሰርጌን ግን አታፈርስም።"

እያለቀሰ ሳቀ። ከሰኔ ወዲህ የሚናደደው በራሱ ላይ ብቻ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከራሱ ውጭ የሚናደድበት ነገር አገኘና ሰውነቱ ሞቅ አለው።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ የየሻረግ አባት አቶ ላቀው ዘንድ ሰርጉ እንዳይቀር ሊማልዱ ተመልሰው ሄዱ። ሦስት ናቸው፤ ጋሽ አስናቀ፣ ኦቦ ጉተማና ሐጂ ሙዘይን። ሦስቱም ከተማዋ ገና ድንኳን ሳለች የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈሩ ጡረተኞች ናቸው፤ ከሦስቱ ትንሹ እንኳ ከከተማዋ በዕድሜ ይበልጣል። ባለፈው ዓመት ልጅቷን የጠየቁትና "እሺ" የተባሉትም እነሱ ነበሩ። እንደ ወጉ ሳሎኑ መሀል ተደርድረው ቆሙ። አቶ ላቀው "ኧረ ተቀመጡ" አሏቸው፤ እንደ ወጉ አልተቀመጡም። ምንውየለት ከበሩ ጋ ቆሞ ይሰማል።

"ልጁን ጠልቼው እንዳይመስላችሁ" አሉ አቶ ላቀው። "የትልቋን ልጄን ነገር ታውቃላችሁ። ያለ ፈቃድ አገባች። የገዛ ቤቷ በር ፈቃድ የለሽም፣ አላውቅሽም እያላት ልጇን አቅፋ ጎረቤት ደጅ ስትቆም ነው የኖረችው። ትንሿንም እንዲህ ስትሆን ማየት አልችልም። እኔ እሺ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ከወንበሩ ፈቃዱን አምጡልኝ።"

"ባይፈቅድስ?" አሉ ኦቦ ጉተማ።

"ምን ላድርግ እንግዲህ?" የአቶ ላቀው ድምፅ ሰለለ። "ዛሬ አባት ምን ይሰጣል ብላችሁ ነው? የሚሰጠው ወንበሩ ነው።"

ጋሽ አስናቀ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እርግጠኛ ነህ? ልጅቷን የሚሰጠው አንተ ሳትሆን ወንበሩ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ደግ። እኛ የተላክነው ልጅቷን ለሚሰጠው ነው። ተሳስተን ያንተን ቤት አንኳኳን ማለት ነው፤ ይቅርታ አድርግልን። ወደሱ እንሄዳለን።"

አቶ ላቀው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሐጂ ሙዘይን ግን ጫማቸውን አጥልቀው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የጋብቻ ክፍል ሄዱ። ከፊት ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከኋላቸው ምንውየለትና የሻረግ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወንበሮቹ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ፈቃድ የሚጠይቁ ወንዶች ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ በያንዳንዳቸው አናት ላይ አረንጓዴ መብራት በርቷል። ከፊት ለፊት ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ አዳራሹ ውስጥ ስንት ወንድ እንዳለና ልካቸው ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። በላቸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከእጮኛው ጋር ተቀምጧል። ምንውየለትን ሲያይ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፋ።

"እንኳን ደህና መጡ" አለ ድምፁ ከጣራው። "እባክዎ ይቀመጡ።"

ወንበሩን የሠሩት ሰዎች ጎበዞች ናቸው፤ ይኼን መካድ አይቻልም። መድኃኒት ወስዶ የሚመጣውን፣ ወንድሙን በቦታው የሚልከውን፣ ተመሳስሎ የሚቀርበውን ሁሉ አስበውበታል። የዚህ አገር ሽማግሌ የመጣበት ነገር መልስ ሳያገኝ እንደማይቀመጥ ግን አላሰቡም። ከመካከላቸው ሽማግሌ ልኮ ያገባ አልነበረም መሰለኝ።

"ቤቱን ያቁመው፣ ያሙቀው" አሉ ጋሽ አስናቀ ቀና ብለው ለጣራው። "ለመቀመጥ አልመጣንም።"

"እባክዎ ይቀመጡ። ቆሞ መስተናገድ አይቻልም።"

ጋሽ አስናቀ በሕይወታቸው ስንት ቤት "ተቀመጡ፣ ኧረ ተቀመጡ" እየተባሉ ቆመዋል፤ ይኼ ቤት አዲስ አልሆነባቸውም። "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም። ተናግረንም መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም። ልጃችን ምንውየለት የአቶ ላቀውን ልጅ የሻረግን ሊያገባ ይፈልጋል። አባቷን ብንጠይቅ ሰጪው አንተ ነህ አለን። እንግዲህ ልጅህን ለልጃችን ስጠን ብለን ደጅህ ቆመናል።"

"እባክዎ ይቀመጡ።"

"ይኼ እንኳ የደህና ቤተሰብ ነው፣ ሰው ያከብራል" አሉ ኦቦ ጉተማ፤ ወረፋ ከያዙት ውስጥ አፋቸውን ሸፍነው የሳቁ ነበሩ።

ሳቁን ሰምተው የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ትርሲት ከመስታወት ክፍላቸው ብቅ አሉ። ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ደንብ የሚያከብሩ ሴት ናቸው፤ ስንቱን ወጣት ከዚህ አዳራሽ አልቅሶ እንዲወጣ አድርገው ማታ ቤታቸው እራት የበሉ። ሽማግሌዎቹን ቆመው ሲያዩ ግን እጃቸው ሳያዝዙት ነጠላቸውን አስተካከለ።

"አባቶቼ፣ በናታችሁ ተቀመጡ" አሉ።

"ቃል ሳንሰማ?" አሉ ሐጂ ሙዘይን በዝግታ።

ወይዘሮ ትርሲት ወደ ክፍላቸው ሊመለሱ ፈልገው አልቻሉም። ሽማግሌ ፊታቸው ቆሞ መቀመጥ እናታቸው አላስተማሯቸውም። የራሳቸውም ወንበር መጮህ ጀመረ፤ ኃላፊዋ ቦታቸው ላይ አይደሉም ይላል። ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

"ደንቡን ታውቁታላችሁ" አሉ። "እሱ ይቀመጥ፣ ይነበብ፣ ከዚያ እናያለን።"

ያኔ ምንውየለት ከሽማግሌዎቹ ኋላ ወጥቶ መሀል ገባ። ጀርባው በዚያ ጠባብ ልብስ ውስጥ ይነዳል።

"ልኬ ዝቅተኛ ነው" አለ፤ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ። "ወንበሩ ዋሸ ብዬ አልከራከርም። ተቃጥያለሁ። ሰውነቴ ቆዳ እየሠራ ነው፣ ሌላውን ዘግቶታል፤ መቼ እንደሚከፍተው አላውቅም። ይኼን የሻረግ ታውቃለች፤ ማወቅ የሚገባት እሷ ነበረች፣ አውቃለች። እናንተ ግን እዚያ ላይ ሦስተኛ አስቀምጣችሁኝ ተጠዋሪ ብላችሁ አታስወጡኝም። አልቀመጥም! መዝጊያውን ያዞርኩ ቀን ማንም ተቀመጥና ልክህን እንየው አላለኝም።"

ከሁለተኛው ረድፍ አንድ ወንበር ተንቋቋ። በላቸው ተነሥቶ ነበር። አናቱ ላይ የነበረው አረንጓዴ መብራት ጠፋ፤ ድምፁ "ተራዎን አጥተዋል" አለው።

"ከዚያ ካስወጣቸው አንዱ እኔ ነኝ" አለ በላቸው፤ የሚናገረው ለማን እንደሆነ አያስታውቅም። ከዚያ ወደ ምንውየለት ዞረ። "ሆስፒታል ያልመጣሁት ንቄህ አይደለም። ቦታህን ሲሰጡኝ ተቀበልኩ። ምን ፊት ይዤ ልምጣ?"

"አሁን መጣህ" አለው ምንውየለት።

እጮኛው የበላቸውን ክንድ ያዘች፤ ልታስቀምጠው መስሎ ነበር፣ እሷም ተነሣች። ቀጥሎ የተነሣው ከኋላ ረድፍ አንድ ፀጉረ ገብስማ ሰው ነው፤ ምን እንደነካው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ መብራቱ ደብዝዞ ሲርገበገብ የነበረ ጎረምሳ። ከዚያ ልኬ ሙሉ ነው እያለ ጠዋት ሲደነፋ የነበረው ረጅሙ። ወንበር ከወንበር እየተንቋቋ መብራቶቹ አንድ ባንድ ጠፉ፤ አዳራሹን ግድግዳ ለግድግዳ የሞላው ሰው ሁሉ ቆመ። ሰሌዳው ጥቂት ካሰበ በኋላ ጽሑፉን ቀየረ።

"በአዳራሹ የሚገኙ ወንዶች ብዛት፦ ዜሮ።"

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ሙዘይን ናቸው፤ በሕይወታቸው ጮክ ብለው ሲስቁ የሰማ የለም። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ፈነዳ። ከዘራ የያዘው፣ ጢሙን ያጎፈረው፣ ትከሻው በር የሚሞላው፣ ሁሉም ሰሌዳውን እያየ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወይዘሮ ትርሲት እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ምንውየለት ሲስቅ ጀርባው ላይ ያለው ቆዳ ተወጥሮ አሠቃየው፤ ሳቁን ግን አላቆመም።

"የወንበሮች ብልሽት ሊኖር ይችላል" አለ ድምፁ ሳቁ ሲበርድ። "ኃላፊዋ ያረጋግጡ። ብልሽት አለ?"

አሁን ሁሉም ወደ ወይዘሮ ትርሲት ዞረ። ወንበሮቹ ሲበላሹ ጉዳዩ በድሮው መንገድ፣ በሰው ምስክርነትና በኃላፊው እጅ እንደሚያልቅ የማያውቅ አልነበረም። ያ ግን የሚሆነው ወንበሮቹ ሲበላሹ ነው። ወይዘሮ ትርሲት ረድፎቹን አንድ ባንድ አዩአቸው። ምንም ያልሆኑ፣ ገና ባለፈው ወር የተወለወሉ ወንበሮች ናቸው። የሻረግን አዩ፤ ምንውየለትን አዩ፤ ከአንገቱ በላይ ብቅ ያለውን የጠባሳውን ጫፍ አዩ።

"አለ" አሉ። "ተበላሽተዋል። ሁሉም።"

"ተመዝግቧል" አለ ድምፁ።

ወይዘሮ ትርሲት ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሽማግሌዎቹን ጠየቁ። "ይኼ ሰው ትዳር ይይዛል ብላችሁ ትመሰክራላችሁ?"

"እንመሰክራለን" አሉ ሦስቱም።

"አንቺስ፣ የኔ ልጅ? የተናገረውን ሰምተሻል።"

"እኔ ከእናንተ በፊት ነው የሰማሁት" አለች የሻረግ። "እሺ ብያለሁ። ደግማችሁ ብትጠይቁኝም እሺ እላለሁ።"

መፈረሚያ እስክሪብቶ ግን ጠፋ። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ እስክሪብቶ ከተያዘ ዘመን አልፏል። በየኪሱ ሲፈተሽ ሐጂ ሙዘይን ከጃኬታቸው የውስጥ ኪስ አንድ አሮጌ አወጡ፤ ወይዘሮ ትርሲት ሁለት ሦስቴ አጫጭረው ቀለሙ እስኪመጣ ጠበቁና ፈረሙ። ወረቀቱን ለየሻረግ ሰጧት። ፈቃዱ ተሰጠ፣ ሦስተኛው ንባብም በዚሁ ተዘጋ፤ ከአሁን በኋላ የትኛውም በር አላውቅሽም ሊላት አይችልም። ከኋላ ቀጭን ድምፅ ያላት አንዲት ሴት እልል አለች። ቆመው የነበሩት ወንዶች ወረፋቸውን ሳይለቁ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ፤ ተራዬ ነው የሚል ክርክር ተጀመረ፤ መብራቱ ደብዛዛ የነበረው ጎረምሳ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ነው።

"ሰርጋችን ላይ ወንበር አይገባም" አለችው የሻረግ በጆሮው።

"የሙሽራውም?"

"የሙሽራው በተለይ።"

ወይዘሮ ትርሲት ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ቃሉ ተሰምቷል፤ እንደ ወጉ ከዚህ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አለዚያ ልጅቷን ያቀለለ ይመስላል። "እንግዲህ አባቶቼ፣ አሁንስ ተቀመጡ" አሉ።

ጋሽ አስናቀ ከፊታቸው ያለውን ለስላሳ ወንበር አዩት፤ ወንበሩም በሰማያዊ የማንበቢያ ዓይኑ አያቸው። ቀስ ብለው ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ሲሚንቶው ላይ ዘረጉት፣ ጉልበታቸውን እያንቋቁ ቁጭ አሉበት። ኦቦ ጉተማና ሐጂ ሙዘይን ግራና ቀኝ አጠገባቸው ተቀመጡ። ምንውየለት መቀመጥ ስለማይችል ከኋላቸው ቆመ፤ የሻረግም አብራው ቆመች።

"እባክዎ ይቀመጡ" አለ ድምፁ ከጣራው።

ጋሽ አስናቀ ከመሬቱ ላይ ሆነው ቀና አሉ።

"ተቀምጠናል" አሉት። "አይታይህም?"